ያልሸተተኝ ቤንዚን

ሰኞ ጠዋት እህቴ የመኪናው በር ላይ ደርሳ አልገባም አለች።

«ምን ሆንሽ?»

«ቤንዚን ይሸተኛል።»

«መስኮቱን እከፍትልሻለሁ፤ ግቢ።»

«ቅዳሜም ከፍተሽው ነበር። ስንመለስ ስንቴ እንዳስመለሰኝ አይተሻል። እትዬ፣ ዛሬ እዚህ ውስጥ አልተኛም።»

«የለም እኮ ነው የምልሽ! ቤንዚን ቢኖር እኔስ አይሸተኝም?»

ሻርፗን አንገቷ ላይ ጠመጠመችና ግድግዳ እየያዘች ወደ ቤት ተመለሰች። እኔ ቁልፉን በእጄ ይዤ ግቢው መሀል ቀረሁ።

ታናሽ እህቴ ናት። ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ ሁለት ዓመት ሊሞላቸው ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ቅዳሜ፣ የኩላሊት እጥበት አለባት። አራት ሰዓት ሙሉ ማሽን ላይ ትቆያለች። ስትገባ በእግሯ ትገባለች፤ ስትወጣ ግን ቀና ብላ መቀመጥ አትችልም፤ ቀና ካለች ዓይኗ ላይ ጨለማ ይመጣባታል። ስለዚህ ታክሲ አይሆናትም። በእኔ አሮጌ መኪና ከኋላ ተጋድማ ነው የምትመለሰው። የኋላው ወንበር መሀሉ ሰርጉዶ ወገቧን ስላሳመማት፣ ከሁለት ወር በፊት ነቅዬ አውጥቼው በቦታው የጣውላ አልጋ ሠራሁላት። ጣውላውን ለክቼ ያስቆረጥኩት እኔ፣ ስፖንጁን በማስቲሽ የለጠፍኩት እኔ፣ ፍሬን ስይዝ እንዳይንሸራተት በአራት ብሎን ከቆርቆሮው ጋር ያሰርኩት እኔ። ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል። የመኪና ወንበር የሚሰፋው ሰውዬ እኔ ጋ ካላመጣሽው ብሎ ነበር፤ እምቢ አልኩት።

እሷ ሽታውን ማማረር የጀመረችው እዚያው ሳምንት ነው። «ማስቲሹ ነው፣ ይደርቃል» አልኳት። ማስቲሹ ደረቀ፤ እሷ ግን አላቆመችም። ሐኪሙ ደግሞ በዚህ በሽታ የአፍ ጣዕምና የአፍንጫ ነገር ይዛባል ብሎ ነግሮን ነበር። ዳቦው ብረት ብረት ይለኛል የምትል ሰው ቤንዚን ይሸተኛል ብትል ምን ይደንቃል? ከዚያው ውስጥ ቆጠርኩት።

ረፋዱ ላይ የእጥበት ክፍሉ ነርስ ደወለች። «ዛሬ አልጋዋ ባዶ ነው፤ በሰላም ነው?»

«መኪናዋ ተበላሸችብን» አልኩ።

«እንግዲህ አንድ ቀን ቀርታለች፤ ረቡዕ ግን እንዳትቀሩ። የሚጠራቀመው ውሃ ሳንባዋ ውስጥ ይገባል። እግሯን እየተጫኑ ይዩት። ትንፋሽ ካጠራት ረቡዕንም አይጠብቁ፤ በተገኘው ነገር ያምጧት። የምትጠጣውንም ይቀንሱላት።»

ስልኩን ዘግቼ ገባሁ። እህቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች።

«ደክሞሽ ነው አይደል? ማሽኑን ጠልተሽው ነው። እሱን ከሆነ ንገሪኝና እንነጋገርበት።»

«ማሽኑን ማን ይወደዋል። እኔ የነገርኩሽ ግን ስለ ቤንዚን ነው።»

«የለም አልኩሽ።»

«ያንቺን አፍንጫ በረኪና ከበላው ስንት ዓመቱ! አንሶላ ስታጥቢ ያደርሽበትን ክፍል ሌላ ሰው ዓይኑን ሳያሽ አያልፈውም።»

ይሄ እውነት ነው። ልብስ አጥቤ ነው የምኖረው፤ የእንግዳ ማረፊያዎች አንሶላና ፎጣ። ሦስት ማሽን አለኝ፤ ሲበላሹም እኔው ነኝ የምፈታቸው። ውሃ ከየት እንደሚያፈስ ለማወቅ ሰው ጠርቼ አላውቅም። እልሄ መጣ። ሽታ ካለ አገኘዋለሁ፣ ከሌለም እንደሌለ አሳያታለሁ፣ ከዚያ ረቡዕ ሰበብ የላትም ብዬ ቁልፌን አንስቼ ወጣሁ።

ሰፈራችን ያለውን መካኒክ ኮምፒውተር ነው የምንለው። እጁ ቅባት ነክቶት አያውቅም። ከመሪው ስር የምትሰካ ትንሽ ማንበቢያ አለችው፤ እሷ ካልተናገረች እሱም አይናገርም። ከወር በፊት ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር ሥዕል ያለባት ብርቱካናማ መብራት በርታብኝ እሱ ጋ ሄጄ ነበር። «ከቤንዚን ትነት መስመር ላይ ትንሽ ማፍሰስ አለ ይላል። የነዳጅ ክዳኑን ቀይሪ» አለኝ። ቀየርኩ። መብራቷን አጠፋልኝ፤ በአራተኛው ቀን ተመልሳ በራች።

«አሁንም በርታለች?» አለኝ ገና ሲያየኝ። «ማዘር፣ እሷ መብራት መኪና አታቆምም። ከፈለግሽ ጥቁር ፕላስተር ልለጥፍባት።»

«ማዘር አትበለኝ፤ አንተን የሚያህል ጎረምሳ አልወለድኩም። እሱን ተውና ይሄ የትነት መስመር የምትለው ምንድነው? እንደ ሰው አስረዳኝ።»

አስረዳኝ። ቤንዚን ዝም ብሎ ተቀምጦም ይተናል። ትነቱ ወደ ውጭ እንዳይወጣ፣ ነዳጅ ከሚይዘው ሰልባቲዮ አናት ላይ ቱቦ ተነስቶ ከኋላ ጎማው አጠገብ ወዳለ ከሰል የተሞላ ጣሳ ይሄዳል። ከሰሉ ትነቱን ጠጥቶ ይይዘዋል። ሞተሩ ሲሠራ አንዲት ቫልቭ ትከፈትና ከጣሳው እየሳበ ያቃጥለዋል። ከዚህ መስመር አንዱ ቦታ ከተቀደደ ትነቱ ይወጣል፤ የመኪናው ኮምፒውተር ያውቅና መብራቷን ያበራል።

«ስለዚህ ቤንዚን ሊሸት ይችላል?»

«ሊሸት ይችላል።»

«ለምን እስካሁን አልነገርከኝም?»

«ይሸተኛል ብለሽኝ ታውቂያለሽ?»

እኔ እኮ አልሸተተኝም።

«የተቀደደውን ቦታ እንዴት ነው የሚያገኙት?»

«በጭስ ማሽን። መስመሩን ይደፍኑና ጭስ ያስገቡበታል፤ ከተቀደደው ቦታ ይወጣል። ማሽኑ ያለው አንድ ጋራዥ ብቻ ነው፤ ወረፋው ሳምንት ይፈጃል።»

«እኔ ረቡዕ ጠዋት ነው የምፈልጋት።»

«እኔ እንግዲህ መብራት ነው የማነበው።»

«ጭሱ ቀርቶ አየር ብነፋበትስ?»

ሳቀ። «በጎማ መንፊያ ሰልባቲዮውን ታፈነጂዋለሽ። ግፊቱ በጣም ትንሽ ነው መሆን ያለበት፤ ፊኛ በአፍ የመንፋት ያህል። የጎማ መለኪያ እንኳ አያነበውም። በቤትሽ እንዲህ ያለ መለኪያ ከየት ታመጪያለሽ?»

ቫልቯ የት እንዳለች፣ ጣሳው የት እንዳለ፣ ጣሳው በየት በኩል አየር እንደሚተነፍስ ጣቱን እየቀሰረ እንዲያሳየኝ አድርጌ ተመለስኩ። ቅባት ሳይነካው አሳየኝ።

አመሻሹ ላይ እንደ ሁልጊዜው የእህቴን የደም ግፊት ልለካ ተቀመጥኩ። እግሯን በአውራ ጣቴ ጫን ሳደርገው ጉድጓዱ ቶሎ አልሞላም። መጠቅለያውን ክንዷ ላይ አሰርኩና ጎማውን ጨመቅኩ። የእኛ መለኪያ፣ ጠቋሚ ያለበት ሰዓቱ ከሚጨመቀው ጎማ ጋር የተያያዘው ዓይነት ነው። አንዴ ስጨምቀው ጠቋሚዋ አሥር ላይ መጣች፤ ደግሜ ስጨምቀው ሃያ። ሃያ ላይ መጠቅለያው ገና ልል ነው፤ ፊኛ ነው። እጄ ቆመ።

«ምነው?» አለች።

«ምንም።» ጨመቅኩና ለካሁ። ከፍ ብሏል። ከዚያ መጠቅለያውን ከክንዷ ፈትቼ ቱቦውን ነቀልኩት።

«ያንን ደግሞ ልትሰብሪው ነው?»

«ነገ እመልስልሻለሁ።»

ማክሰኞ ጠዋት ፀሐይዋ ግቢያችን ሳትደርስ ተነሳሁ። ማሽኖቼን አላስነሳሁም። የባትሪውን ገመድ ፈታሁ፣ ሁሉንም በር ከፈትኩ፣ ኮፈኑን አነሳሁ። ቫልቯን ሞተሩ ጎን አገኘኋት። ሞተር ሲጠፋ የተዘጋች መሆን አለባት ብሎኛል ኮምፒውተር። የመለኪያውን ቱቦ ጫፍ በጥቁር ፕላስተር ጠቅልዬ አወፈርኩና እሷ ላይ ሰክቼ ጨመቅኩ። ጠቋሚዋ አርባ ላይ ወጥታ ቀጥ አለች። ቫልቯ ጤነኛ ናት።

ይሄኔ ጋሽ ሾፌር ከአጥሩ ማዶ ብቅ አሉ። ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና ነድተው ጡረታ የወጡ ጎረቤታችን ናቸው። ሲጋራቸው ከከንፈራቸው አይለይም።

«ምን እያደረግሽ ነው እሜቴ?»

«ያንን ሲጋራ ያጥፉልኝ! ቤንዚን ነው የምነካካው!»

አጠፉትና ተመልሰው መጡ። የያዝኩትን ሲያዩ ሳቃቸው ሳል ሆነባቸው። «ለመኪናዋ ግፊት ልትለኪላት ነው? ስኳሯንም ለኪላት እንጂ! ጨውም ቀንሺ በያት!»

«ለእርስዎም እለካለሁ፤ ወረፋ ይያዙ።»

ጣሳው አየር የሚተነፍስበትን ቱቦ በላስቲክ በጠቀለልኩት ቡሽ ደፈንኩት። ከዚያ ከቫልቯ የነቀልኩትን፣ ወደ ኋላ የሚሄደውን ቱቦ ከመለኪያው ጋር አገናኘሁና መጭመቅ ጀመርኩ። እንደ ክንድ ቶሎ አይሞላም፤ ሰልባቲዮው ግማሹ ባዶ ነው፣ ብዙ አየር ይፈልጋል። ሃያ ምናምን ጊዜ ጨምቄ ጠቋሚዋ ሃያ ላይ ስትደርስ ማስተንፈሻዋን ጥብቅ አድርጌ ዘጋሁና ዓይኔን ተከልኩባት።

ሃያ። አሥራ ስምንት። አሥራ አምስት። እስከ መቶ ቆጥሬ ሳልጨርስ ዜሮ ላይ ተኛች።

ደግሜ ነፋሁ። ደግማ ወረደች። በሦስተኛው ቀና ስል እህቴ የቤቱ መስኮት ላይ ክርኗን አስደግፋ ታየኛለች።

«ወረደ?» አለች።

«ወረደ።»

መስኮቱ ላይ እንደቆመች ቀረች። እኔም ወደ መኪናው ዞር አልኩ። ይሸተኛል ካለችኝ ሁለት ወር ሆኗታል፤ ሁለት ወር ሙሉ የለም ስላት ነበር።

ማሽን ላይ የሚያፈስ ቦታ ስፈልግ መስመሩን ለሁለት እከፍለዋለሁ። እዚህም እንደዚያው አደረግኩ። ከጣሳው ወደ ሰልባቲዮው የሚሄደውን ቱቦ ነቅዬ የጣሳውን አፍ ደፈንኩና ከፊት ነፋሁ። ጠቋሚዋ ሃያ ላይ ቆማ ቀረች፤ ቤት ውስጥ ከፍቼ የተውኩት ሬዲዮ ዜናውን ጨርሶ ወደ ማስታወቂያ እስኪገባ ድረስ አልተነቃነቀችም። ጣሳውም የፊቱም መስመር ደህና ነው። መለኪያውን ወደ ሰልባቲዮው በሚሄደው ቱቦ ላይ ሰካሁት፤ ወረደች። ስለዚህ ከሰልባቲዮው በኩል ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ሥራ ነው። በባልዲ ወፍራም የሳሙና አረፋ መታሁ። እየነፋሁ አዲሱ የነዳጅ ክዳን ዙሪያ ቀባሁ፤ አንዲት አረፋ አላበጠችም። ነዳጅ የሚቀዳበት ቱቦ ላይ ቀባሁ፤ ምንም። መኪናዋን በክሪክ አነሳሁ፣ ከጎማዎቹ ስር ድንጋይ አደረግኩ፣ ካርቶን አንጥፌ ስሯ ገባሁ። እጄ የደረሰበትን ሁሉ በብሩሽ አዳረስኩት። አረፋው ዓይኔ ውስጥ ገባ እንጂ የትም ቦታ አላበጠም።

«ከላይ ነው» አሉ ጋሽ ሾፌር ከአጥሩ። «ትነት ከላይ ነው የሚወጣው። የሰልባቲዮው አናት ላይ ነው ቱቦዎቹ ያሉት። ከኋላ ወንበር ስር ክዳን አለው፤ ወንበሩን አንሺ።»

«ወንበር የለም፤ አልጋ ነው።»

«አልጋውን አንሺዋ!»

«አላነሳም። ሦስት ቀን የሠራሁትን ነገር በአንድ ጠዋት አላፈርሰውም። ከስር ነው የማገኘው።»

«በይ ድረቂ!» ብለው ገቡ።

ስሩ ሁለት ሰዓት ቆየሁ። ፀሐይዋ ደረሰችብኝ፣ ወገቤ ተቆረጠ፣ አረፋው አለቀ፣ ደግሜ መታሁ። እልህ ነው እንጂ የምፈልገው ቦታ አልቀረኝም ነበር። የእህቴን የጫማ ድምፅ ስሰማ ጭንቅላቴን ከስር አወጣሁ። እያረፈች፣ ሁለት ጊዜ ግድግዳ ይዛ ቆማ፣ መጣች። አጭሯን ግቢ ለመሻገር እንዲህ አድርጓት አያውቅም። የመኪናው በር ደፍ ላይ ተቀመጠች፤ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ፊቷን ወደ አልጋው አስጠጋችና እንደ ድመት ከጫፍ እስከ ጫፍ አሸተተችው።

«እዚህ ጋ» አለችና በጣቷ የቀኙን ጥግ መታ መታ አደረገች። «ከትራሴ ስር። ሌላው ቦታ የለም።»

ያቺን ጥግ አየኋት። አራተኛውን ብሎን ያሰርኩት እዚያ ነው።

ሦስቱ ብሎኖች አጫጭር ነበሩ። አራተኛ አልነበረኝም፤ ገበያ ላለመሄድ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ዕቃ ሳጥን ፈተሽኩ። ማሽን አዲስ ሲመጣ በመንገድ ላይ ከበሮው እንዳይናጥ በረጃጅም ብሎኖች ታስሮ ነው የሚመጣው፤ ሲተከል ይነቀሉና ይቀመጣሉ። ከነሱ አንዱን አወጣሁ። ለእኔ ብሎን ብሎን ነው፤ ረጅም ከሆነ ደግሞ የበለጠ ይይዛል። በትራፓኖ ጠበብ አድርጌ በሳሁና በመዶሻ መትቼ አስገባሁት።

ካቻቢቴዬን አነሳሁ። እህቴ ጠርዙ ላይ እንደተቀመጠች ታየኛለች። ሦስቱን ፈታሁ። አራተኛውን በፒንሳ ይዤ እያወዛወዝኩ ሳብኩት። ሲወጣ ጫፉ በሞረድ እንደሳሉት ያብረቀርቃል። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። እንደዚያ ተጠግቼ እኔንም ሸተተኝ።

ጣውላውን አነሳሁ። ከስሩ ባለው ቆርቆሮ ላይ ጋሽ ሾፌር ያሉት ክብ ክዳን አለ፤ ብሎኔ የገባበት ቀዳዳ ከክዳኑ አንድ ስንዝር ያህል ብቻ ይርቃል። ክዳኑን ፈትቼ በባትሪ መብራት አየሁ። ከስሩ ሰልባቲዮው ተኝቷል፤ አናቱ ላይ የሄደው የትነት ቱቦ ከብሎኔ ትክክል ላይ ተበስቷል። መኪናዋ በተናጠች ቁጥር የብሎኑ ጫፍ ሲፈገፍገው ከርሟል። አረፋ ቀባሁበትና እህቴን የመለኪያውን ጎማ አስያዝኳት፤ ጨመቀች። አረፋው የምስር ፍሬ ያህል አበጠ፣ ፈነዳ፣ ደግሞ አበጠ። ትነቱ ከዚያ ወጥቶ በራሴው ቀዳዳ በኩል ቀጥ ብሎ ወደ ትራሷ ይገባ ነበር። እኔ ፊት መስኮት ከፍቼ እነዳለሁ።

ጋሽ ሾፌር መጥተው አዩት። ሳቃቸው የለም።

«ቆርቆሮውን ስትበሺ ከስሩ ምን ያለ መስሎሽ ነው?»

«መንገድ።»

«ሰልባቲዮ አናት ላይ ነው ትራፓኖ የያዝሽው! ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢሆን ብልጭታዋ ብቻ ትበቃሽ ነበር። ይሄን ግቢም እኔንም ይዘሽን ትሄጂ ነበር።» ሌላም ብዙ ተናገሩኝ። እህቴ ጎን ተቀመጥኩ።

ጋሽ ሾፌር ሲመለሱ «እኔ ነኝ» አልኳት። «እኔ ነኝ የበሳሁት። ልክ ነበርሽ፤ ከመጀመሪያው ቀን።»

ጎማውን እጇ ላይ አገላበጠች። «ሽታውስ ይቻላል» አለች። «የለም ስትዪኝ ነው ያቃተኝ። ማታ ማታ ብቻዬን ሆኜ እውነት ይሸተኛል ወይስ ጭንቅላቴም ሊሄድ ነው እላለሁ። ኩላሊቴ ሄደ፤ ጭንቅላቴን ከየት ሄጄ አሳጥበዋለሁ?»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እየነገርኩሽ ነበር።»

ተነስቼ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ከማሽኖቼ የተረፈ የውሃ ጎማ ነበረኝ፤ ልክ ይሆን እንደሁ ሳስጠጋው ጋሽ ሾፌር ከአጥራቸው ላይ ሆነው «እንዳታስቢው!» ብለው ጮሁ። «የውሃ ጎማ ቤንዚን ያቀልጠዋል። የነዳጅ ቱቦ ነው የሚባለው፤ የተበሳውን ይዘሽ ሂጂና በውፍረቱ አስለኪ።» በዚህኛው አልተከራከርኩም። የተበሳውን ከሁለቱም ጫፍ ፈትቼ፣ የሰልባቲዮውን አፍ በላስቲክ ሸፍኜ፣ መለዋወጫ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ ቀዳዳውን አይቶ «አይጥ ነው?» አለኝ። «አዎ፣ ትልቅ አይጥ» አልኩት። አዲሱን ቆርጦ ከሁለት ማሰሪያ ጋር ሰጠኝ።

አስገባሁ፣ አሰርኩ፣ ነፋሁ። ሃያ። መለኪያዋን ወንበር ላይ አስቀምጬ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። እህቴ ስልኳ ላይ ሰዓት ያዘች። አምስት ደቂቃ ሞላው አለች፤ ጠቋሚዋ አሥራ ዘጠኝ ላይ ናት። አሥር ደቂቃ አለች፤ እዚያው ናት። አራቱን ቀዳዳዎች በጎማ ውታፍ ደፈንኳቸው። ጣውላውን በብሎን አልመለስኩትም፤ በደህንነት ቀበቶዎቹ አጥብቄ አሰርኩት። ጥሩ ዕቃ ያመጣሁ መስሎኝ የነበረው ስፖንጅ ግን ሁለት ወር ትነት ሲጠጣ ከርሟል፤ እህቴ ከሩቅ አፍንጫዋን ያዘችበት። ከጣውላው ገንጥዬ ሦስት ጊዜ አጠብኩት፤ ገመድ ላይ ሰጣሁት፤ እስከ ማታ ውሃው መንጠባጠቡን አላቆመም። ጣውላው ራሱም ትንሽ ይዟል። በሳሙናና በሙቅ ውሃ ፋቅኩት። ቡሹን አውጥቼ፣ ቱቦዎቹንና የባትሪውን ገመድ መልሼ፣ መኪናዋን ከክሪኩ አውርጄ በሮቿን እንደከፈትኩ አሳደርኳት።

እህቴ ያን ዕለት በሁለት ትራስ ተደግፋ ነው ያደረችው፤ ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል፤ ቀና ስትል ይመለስላታል። እሷ እስክታሸልብ ወንበር ላይ ተቀምጬ ትንፋሿን አዳመጥኩ። ሌሊቱን ከባሰባት ወይም ጠዋት መኪናው ውስጥ ካልገባችልኝ አምቡላንስ እጠራለሁ ብዬ ቁጥሩን በወረቀት ላይ ጻፍኩ፤ ግን ነገ በአምቡላንስ ብትሄድ ቅዳሜስ በምን ትሄዳለች? የዚያ ሳምንቱስ?

ረቡዕ ጠዋት ሁለት ብርድ ልብስ አጥፌ ጣውላው ላይ አነጠፍኩ። እህቴ እጄን ይዛ መጣች። ፊቷ አብጧል፤ ጫማዋ አልገባላት ብሎ የእኔን ሰፊ ነጠላ ጫማ አድርጋለች። በሩ ላይ ቆመች።

«ጠፍቷል?» አለች።

ጠፍቷል ልል ከንፈሬ ተላቆ ነበር። መለስኩት። «እኔን አትጠይቂኝ። ግቢና አንቺ ንገሪኝ። አለ ካልሽ አለ ነው፤ አወርድሽና ሌላ መላ እንፈልጋለን።»

ገባች። እግሯን አንድ በአንድ አነሳሁላት። ተጋደመች። «በሩን ዝጊ» አለች። ዘጋሁት። «መስኮቶቹንም።» ሁሉንም ዘጋሁና ፊት ገብቼ ተቀመጥኩ። ሞተር አላስነሳሁም። በመስታወቱ አያታለሁ፤ ዓይኗን ጨፍና በአፍንጫዋ ትስባለች፣ ታቆማለች፣ እንደገና ትስባለች።

«አለ» አለች።

ዞር አልኩ። አልተከራከርኩም። በሩን ልከፍትላት እጀታውን ያዝኩ።

«ቆይ እንጂ። ከጣውላው ነው፤ እንጨቱ ይዞት ነው። እንደ ሌላው ቀን አዲስ እየመጣ አይደለም።» ደግማ ሳበች። «ይሄማ ይቻላል። የእኔን በኩል ትንሽ ክፈቺና ንጂ፤ ሰዓት እኮ ሄደ።»

አስነሳሁ። ጋሽ ሾፌር አጥራቸው ላይ ቆመው ያልተለኮሰ ሲጋራ በአፋቸው ይዘው እጃቸውን አነሱልን። ኮረኮንቹን ቀስ ብዬ፣ እንቁላል እንደጫነ ሰው፣ አለፍኩት። አስፋልት ላይ ስንወጣ ዝም አለች፤ ልታስመልስ ይሆን ብዬ የያዝኩትን የላስቲክ ባልዲ በአንድ እጄ ወደ ኋላ ገፋሁላት።

«አንሺው፤ እግሬን ይመታኛል» አለች።

አደባባዩ ላይ ስንደርስ ደግሞ ድንገት «እትዬ፣ አሁን ሸተተኝ» አለች።

«ከትራስሽ ስር?»

«አይደለም። ከውጭ ነው። ፊታችን ያለው የጭነት መኪና ነው።»

አየሁት፤ ቢጫ የጭነት መኪና ነው፣ የነዳጅ ክዳን የለውም፣ ጨርቅ ወትፈውበታል። እኔን ምንም አልሸተተኝም። መስኮቷን ዘጋሁላት፣ ፍሬቻ አሳየሁና አለፍኩት። ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ የእጥበት ክፍሉ በር ላይ አደረስኳት።